አፀደና የአፍንጫዋ ሎቲ

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው መንደር፣ አፀደን የማያውቅ የለም። የሚያውቋት ግን በመልኳ ወይም በሥራዋ አይደለም፤ "እሺ" በማለቷ ነው። ውኃ በመጣ ቀን "አፀድዬ፣ የእኔንም ጀሪካን ቅጂልኝ" ያለ ሁሉ ይቀዳለታል። ሐዘን ቤት ወንበር የሚደረድር ሲጠፋ እሷ ትጠራለች። ልጇን የምታስቀምጥበት ያጣች እናት የእሷን በር ታንኳኳለች። ዐይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ስትራመድ አትቸኩልም፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማ ሰው የለም።

እናቷ የሞተችባት የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ነው። ከወልድያ ያመጣቻት አክስቷ ስመኝ ናት። ስመኝ ባል አግብታ ፈታለች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ በጆንያና በሳፋ ተደርድሮ እሷ መሐሉ ትቀመጣለች። በርበሬ ቆንጠር አድርጋ፣ አሽታ፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ጣል ካደረገች የየት አገር እንደሆነ ትነግርሃለች። ፍቅሯም በጣቶቿ ነው። የአፀደን ፀጉር እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የሠራች እሷ፣ ሲያማት ሆዷን ያሸች እሷ፣ ጆሮዋን በመርፌ በስታ ክር ያሰረችላት እሷ ናት። ልጅቷ ምን እንደምትለብስ፣ የት እንደምትማር፣ ከማን ጋር እንደምትውል የወሰነችውም እሷው ናት። አፀደ ይህን ሁሉ "እሺ" ብላ ተቀበለች። ቅር ብሏት አያውቅም፤ ብሏት ከሆነም ራሷ አላወቀችውም።

ትምህርቷን ስትጨርስ ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጠረች። መጀመሪያ የተረፈ ክር በመቀስ ትለቅም ነበር። በኋላ ዐይኗ ስፌት አይስትም ተባለና ተቆጣጣሪ ሆነች። ሸሚዝ ሲመጣላት ትገለብጠዋለች፤ ብብቱን ትስበዋለች፤ የዘለለ ስፌት ካገኘች ቀይ ወረቀት ትለጥፍበታለች። "እሺ" የማይሠራው እዚህ ቦታ ብቻ ነው።

"አፂ ሙቺ፣ ይቺን አሳልፊያት! አንዲት ስፌት እኮ ናት። ማን ያያታል?" ይሏታል ሰፊዎቹ።

"እኔ አየኋታ።"

"አንቺ ሰው ነሽ ካሜራ?"

"ካሜራማ በስንት ጣዕሙ! ካሜራ መብራት ሲጠፋ ይተኛል፤" ትላለች ዳናይት፣ በአንድ መስመር አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ፤ ሁሉም ይስቃል፤ ቀዩ ወረቀት ግን ይለጠፋል።

መሐሪን ያወቀችው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። የአዲግራት ልጅ ነው፤ እዚያው ቦሌ ሚካኤል በትንሽ ሱቅ የተቃጠለ ሞተር ይጠመጥማል። ብዙ አያወራም፤ ሲያወራም እጁ ላይ ያለውን ሽቦ እያየ ነው። ሁለቱ የተስማሙት በተክሊል ሊጋቡ ነው። ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው፣ በቅዳሴው መጨረሻ አብረው ሊቆርቡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የጠበቁት ይህንን ቀን ነው፤ በሰው ሕይወት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ቀን ነውና። ቀኑም ተቆርጧል፤ ፋሲካ ውሎ፣ ዳግማ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ።

ሎቲው የመጣው በዚህ መሐል ነው።

የቅበላው ሰሞን ነበር፤ አገር ሁሉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሥጋ የሚሰናበትበት። ዳናይት ጆሮዋን ሁለተኛ ቀዳዳ ልትበሳ ቦሌ ስትሄድ "ነይ አጅቢኝ" አለቻት። አፀደ እንደ ልማዷ "እሺ" ብላ ሄደች። ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ካለ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ነው፤ መስታወት፣ ረጅም ወንበር፣ ጓንት ያጠለቀ ወጣት። ዳናይት ተበሳችና ተነሣች። ልጁ ጨዋታ ብሎ "አንቺስ?" አላት አፀደን።

"እኔም፤" አለች።

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

"የት?"

አፀደ ጣቷን አንስታ የአፍንጫዋን ግራ ክንፍ ነካች። ዳናይት ጮኸች። "አንቺ! ስመኝ ትገልሻለች! እኔንም ጨምራ!" እያለች ስትስቅ፣ ልጁ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገላትና መስታወት ሰጣት። "አየር ሳቢ፤ አሁን አውጪ፤" አለ። ከአንድ ዐይኗ ብቻ እንባ ወረደ። ከዚያ መስታወቱን ስታይ፣ የምስር ክክ የማታህል ብልጭ የምትል ነገር ፊቷ ላይ ተቀምጣለች። ያ ሰፊ ፊቷ፣ ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚያዳምጥ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ መሰላት። ልጁ "እንዳትነካኪው፣ በጨው ውኃ ብቻ" ያላትን የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነው።

ኋላ የጠየቃት ሁሉ "ለምን?" አላት። መልሷ አንድ ነው፤ "አማረኝ።" በእኛ አገር እርጉዝ "አማረኝ" ስትል ጎረቤት ይሯሯጣል። ሌላዋ "አማረኝ" ስትል ግን ምክንያት ትጠየቃለች። አፀደ ምክንያት አልነበራትም። አምሯት ነው።

ቤት ስትገባ ደበቀችው። ፋብሪካ የጨርቅ ብናኝ እንዳይገባባቸው ማስክ ያደርጋሉ፤ እሷ እቤትም አላወልቅ አለች። "ጉንፋን ይዞኛል እቴቴ፣ እንዳላስይዝሽ።" ውሎ ሲያድር ከማስኩ ሥር ላብ፣ ከላቡ ሥር ትኩሳት መጣ። ቦታው ይወጋት ጀመር። ስመኝ በበኩሏ ጉንፋኑ አለመልቀቁ አሳሰባት። ባሕር ዛፍና ነጭ ሽንኩርት በድስት አፍልታ፣ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች።

"ያንን ጨርቅ አውልቂና ታጠኚ።"

"ይቅርብኝ እቴቴ፤ ተሽሎኛል።"

"አውልቂ አልኩሽ!"

አፀደ "እሺ" አለች። አወለቀች።

ስመኝ ድስቱን መሬት አስቀምጣ ደረቷን ያዘች። "ምንድን ነው እሱ የተጣበቀብሽ?"

"ሎቲ ነው።"

"ሎቲማ ጆሮ ላይ ነው! አፍንጫሽ ላይ ምን ይሠራል? ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"ራሴ ነኝ። አማረኝና ተበሳሁ።"

"አማረኝ! ሰው ቁርጥ ያምረዋል፣ ማንጎ ያምረዋል። መርፌ ያማረው ሰው ግን ዛሬ አንቺን አየሁ! የመሐሪ እናት ሲመጡ ምን ልበል? ልጄን ጎሽ ወጋት ልበል?"

ጮኸች፣ ተራገመች፣ ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ የልጅቷን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረች። "አብጧል እኮ፤" አለች ቀስ ብላ። "መች አዞርሽው? የጆሮሽን ክር ጠዋት ጠዋት የማዞርልሽ ለምን ይመስልሻል? ይጣበቃላ! ጾም ባይሆን ለጋ ቅቤ ነበር መድኃኒቱ። በይ ተቀመጪ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ስመኝ ወደ ሾላ ከመውጣቷ በፊት አፀደ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ አክስቷ እጇን ታጥባ፣ ሎቲውን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ታዞራለች። እንደ እሳት ያቃጥላል። አፀደ ቀሚሷን ጨምድዳ ትይዛለች። "አይዞሽ የእኔ እናት፣ ሲያቃጥል እየዳነ ነው፤" ትላታለች ስመኝ። እያቃጠለ ግን አልዳነም። ከሎቲው ሥር ቀይ እብጠት ወጣ፤ መግል ያዘ፤ ፊቷን ስትታጠብ ይደማ ጀመር። በግራ ጎኗ መተኛት ቀረ። ፋብሪካ ሲያስነጥሳት እንባዋ ይመጣል።

ስመኝ አሁን ነገሩ ሌላ ነው አለች። "ዐይን ነው። ሙሽራ መሆንሽን የሰማ ሁሉ አይቶሻል።" ከገዳም የመጣ እምነት፣ ሰው ለበረከት ግንባሩ ላይ የሚቀባው የተባረከ ዐመድ፣ በወረቀት ጠቅልላ ያስቀመጠችው ነበራት። እሱን በጸበል ለወሰችና ቁስሉን ሞላችው። ደረቀ፤ ተሰነጠቀ፤ ባሰበት።

መሐሪ ያየው ከሰንበት ትምህርት ቤት ሲወጡ ነው። መጀመሪያ የበሳች ሰሞን በስልክ ፎቶ ልካለት "ያምራል" ብሏት ነበር። አሁን ቆም ብሎ አያት።

"ይደማል እንዴ?"

"አንዳንዴ።"

ሽቦ ያልያዘበት እጁ የሚያደርገው ጠፋው። "አፂ፣ የሚደማ ሰው አይቆርብም እኮ።"

ይህ ቀርቶ የአንድ ሕፃን ነስር ምን እንደሚያስከትል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ያውቀዋል፤ እሷም ታውቀዋለች። ግን ራሷ ላይ እስኪደርስ ድረስ የእሷ ቁስልና የእሷ ተክሊል በአንድ መንገድ ላይ እንደሚገናኙ አላሰበችም ነበር። ካልቆረበች ተክሊሉ የለም። ተክሊሉ ከሌለ ድንኳኑም፣ ካባውም፣ ከአዲግራት የሚመጣው ዘመድም ምንድን ነው?

ተያይዘው ንስሐ አባታቸው አባ ዘርአጽዮን ዘንድ ሄዱ። አባ ሸምግለዋል፤ መስቀላቸውን አሳልመው መነጽራቸውን ገፋ አደረጉና ቀረብ ብለው አዩ።

"ይህ ዐመድ ምንድን ነው?"

"እምነት ነው አባ። እቴቴ ናት የሞላችልኝ።"

"ልጄ፣ እምነት ግንባር ይቀባል እንጂ እንደ ሲሚንቶ ቀዳዳ አይደፈንበትም። እግዚአብሔር ሐኪምም ፈጥሯል፤ ሂጂ።"

መሐሪ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። አፀደ ግን አልሳቀችም። "ላውልቀው አባ?"

"ለእኔ ቢሆን ባትበሺው ደስ ባለኝ። አሁን የምጠይቅሽ ግን ስለ ጌጡ አይደለም፤ ስለ ደሙ ነው። ቁስሉ ደርቆ ከመጣሽ ትቆርቢያለሽ። ደም ወይም መግል ካለው አትቆርቢም። ያለ ቁርባን ደግሞ አክሊል አልደፋላችሁም። እኔ ብጠላችሁ አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው።"

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሳና ትባላለች። አፀደ ገና ሳትቀመጥ "አውልቂልኝ" አለቻት።

"አሁን ካወለቅሁት ቀዳዳው ከላይ ይዘጋና መግሉ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ ይንጻ። ማነው የሚነካካው?"

"አክስቴ ጠዋት ጠዋት ታዞረዋለች። እንዳይጣበቅ ብላ።"

"እጇን ታጥባ?"

"ትታጠባለች።"

"ሥራዋ ምንድን ነው?"

"ሾላ በርበሬ ትሸጣለች።"

ሲስተር ሳና ልትስቅ ብላ የልጅቷን ፊት አይታ ተወችው። "የእኔ እህት፣ በርበሬ በአንድ መታጠብ ከጣት ይለቃል? በበርበሬ እጅ ዐይንሽን ነክተሽ አታውቂም?"

"አውቃለሁ።"

"በየጠዋቱ ክፍት ቁስል ላይ አዋዜ እየተቀባሽ ነው እኮ!" የሚዋጥ መድኃኒት ጻፈችላት፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እንድታጥበውም ነገረቻት። ማስኩም ከፋብሪካ ውጭ ይቅር አለች።

"ከዚያ ምን ልቀባው?"

"ምንም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያም ምንም። እጅ አይነካው።"

ቀላል ይመስላል። በስመኝ ቤት ግን "ምንም" የሚባል መድኃኒት ኖሮ አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት ስመኝ በርጩማውን አስጠግታ "ነይ" ስትል፣ አፀደ የነርሷን ቃል በልቧ ይዛ ሄዳ ተቀመጠች። "እሺ" አለች። አቃጠላት። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ፋብሪካ ቁጭ ብላ የሰው ሸሚዝ ስትገለብጥ በራሷ ተናደደች። ለሰው ስፌት "አይሆንም" የምትል ሴት ለራሷ አፍንጫ አንዲት ቃል አጣች።

ሦስተኛው ጠዋት ላይ ስመኝ በርጩማውን አስጠጋች። አፀደ ቆማ ቀረች።

"ነይ እንጂ፤ ታክሲ ያመልጠኛል።"

"እምቢ።"

ስመኝ የሰማችውን ያላመነች መሰለች። "ምን አልሽ?"

"እምቢ አልኩ እቴቴ። አትንኪው። ነርሷ ጣትሽ ላይ በርበሬ አለ አለች። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።"

ስመኝ ቀኝ እጇን አንስታ አየች። አሸተተችው። ሌላ ሰው ቢሆን ሳሙና ሳሙና ነው የሚሸተው ይል ነበር፤ የእሷ አፍንጫ ግን አይሸወድም። በርጩማው ላይ ራሷ ተቀመጠች።

"በዚህ እጅ ነው ያሳደግሁሽ፤" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ሳቃጥልሽ ከረምኩ እንጂ! ለምን ዝም አልሽኝ? አፍ የለሽም?"

ስመኝ ዐይኗን በክርኗ ጠረገች፤ በጣቷ መጥረግ ፈራች መሰል። "ታዲያ አሁን ምን ላድርግልሽ?"

"ጠዋት ጠዋት ሻይ ስጠጣ አጠገቤ ተቀመጪ።"

"ያ ብቻ?"

"ያ ብቻ።"

ስመኝ እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ከብዷት አያውቅም። አጠገቧ ትቀመጥና እጆቿን ጭኖቿ ሥር ትከታለች። "ትንሽ ቀላ ብሏል እንዴ? እንዲያው በጥጥ ጫፍ እንኳ…" ትልና ራሷ ታቆመዋለች። ቁስሉ ግን ብቻውን ሲተዉት ሥራውን ያዘ። መግሉ ቆመ። እብጠቱ ከሽንብራ ወደ ምስር ወረደ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ፊቷን ታጥባ ፎጣው ነጭ ሆኖ ወጣላት። ፋሲካ ውሎ ጾሙ እንደተፈታ፣ ስመኝ ለጋ ቅቤ በመዳፏ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"እንዳትጀምሪ እቴቴ!"

"ለፀጉርሽ ነው! ምን ያስጮህሻል?" አለችና ቅቤውን በአፀደ አናት ላይ አደረገችው።

አባ ዘርአጽዮን ከሠርጉ በፊት ባለው ሳምንት አዩአት። "ደርቋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤" አሉ። መሐሪ ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ ለሰፈር ልጆች ለስላሳ ጋበዘ፤ ከስስታም ሰው የወጣ ግብዣ ነው ተብሎ ተወራ።

ቅዳሜ ደረሰ። በመንደሩ መንገድ ላይ ድንኳን ተተከለ። ሰንጋው በማለዳ ታረደ። የመሐሪ እናት ወይዘሮ ትርሓስ ከዘመዶቻቸው ጋር ከአዲግራት ገብተዋል፤ ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ዝም ይላል። የአፀደን ሎቲ አንድ ጊዜ አይተው ምንም አላሉም፤ ስመኝ ይህን ዝምታ ከስድብ በላይ ፈራችው። ከቀትር በኋላ ሙሽሮቹ ምግብም ውኃም ማቆም አለባቸውና አፀደ ቀድማ ጥቂት ቀምሳ፣ ካባውን ልትለካ ወደ ጓዳ ገባች። ዳናይት ደጅ ከሰል ካውያ እያጋለች ነበር። ካባው ከባድ ነው፤ ዙሪያው በወርቅ ዘቦ ተጠልፏል። በራሷ በኩል ስታጠልቀው አንድ ክር አንገቱ ላይ ወጣ ብሎ ነበር። ክሩ ሎቲዋን ያዛት። ካባውን ስትስበው ሎቲውን ይዞ ተሳበ።

ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ጫነች። ስታነሣው አንዲት ጠብታ ደም ታየቻት። ትንሽ ናት። ጫን አድርጋ ይዛ ቆየች፤ ቆመ። መስታወት አየች፤ ምንም አይታይም። ነጠላውን ማጠብ ነው፤ አለቀ። ደጅ ዘፈኑ ተጀምሯል። ሴቶቹ ድስት ያጋጫሉ። ማን አየ?

ነጠላውን አጣጥፋ ይዛ ጓዳው ውስጥ ብዙ ቆመች። ድንኳኑን አሰበች፤ ስመኝ ከቅመም ገበያ ጓደኞቿ ጋር ስትቆላ ስትፈጭ የከረመችውን አሰበች፤ ወይዘሮ ትርሓስን አሰበች። ነገ አፏን ከፍታ ስትቀበል ምን እንደሚሰማት ደግሞ አሰበች። አባ አያውቁም። መሐሪ አያውቅም። እሷ ግን አክሊል ደፍታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀውን ነገር ይዛ ልትገባ ነው። ያን ሁሉ የሰው ሸሚዝ የመለሰች እጅ ይቺን እንዴት ታሳልፋት?

በጓሮ በር ወጣች። አባ ዘርአጽዮን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ነገረቻቸው። ነጠላውንም አሳየቻቸው።

አባ ጠብታዋን ቀረብ ብለው አዩ። "ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር፤" አሉ።

"አዎ አባ።"

"ነገ አትቆርቢም ልጄ።" ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "ሰንበት ግን በየሳምንቱ ይመጣል። በሚመጣው እሑድ ከደረቀ እኔው አቆርባችኋለሁ። አሁን ሂጂና ለሙሽራሽ ራስሽ ንገሪው፤ ከሰው አይስማ።"

መሐሪ ድንኳኑ ጫፍ ላይ መብራት እየዘረጋ ነበር። ወደ ጎን ጠራችው።

"ደም ፈሰሰኝ።"

"ስንት?"

"አንዲት ጠብታ።"

ከመሰላሉ ወረደ። "ማን አየ?"

"እኔ።"

ሽቦውን በጣቱ ላይ ጠመጠመው፤ መልሶ ፈታው። አፀደ ያኔ ፈራች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። በኋላ "እንግዲህ አንቺ ካየሽው ታይቷል፤" አለና መሰላሉን አጠፈ። "ነይ፣ ለእናቴ አብረን እንንገራት።"

ስመኝ ስትሰማ ራሷን ያዘች። "ሰንጋው እኮ ታርዷል! ካርድ ተበትኗል! አንቺ ልጅ፣ አንዲት ጠብታ! ዝም ብትዪስ ኖሮ!" ዘመዶች ተሰበሰቡ። አንዱ "በማዘጋጃ ይፈራረሙና ይለቅ" አለ፤ አንዷ "ሌላ ቄስ አይጠፋም" አለች። ወይዘሮ ትርሓስ እጃቸውን አነሡ፤ ሰው ሁሉ ዝም አለ።

"ጓለይ፣ ነይ እዚህ፤" አሏት በትግርኛ 'ልጄ' እንደሚሉት። አፀደ ቀረበች። አገጯን ይዘው አዩአት፤ ሎቲውን ሳይነኩ። "ይሄን ነገር ሳየው ልጄ ምን ዓይነት ሴት ሊያገባ ነው ብዬ ነበር። አሁን አወቅሁ።" ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ሰንጋ አይጠብቅም፤ ነገ ይበላ። ቁርባን ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ፤ አልሄድም።"

እሑድ እንደዚያ ዓይነት ድግስ ቦሌ ሚካኤል አይቶ አያውቅም። ሰዉ መጣ፤ በላ፤ ጠጣ። የሙሽሮቹ ወንበር ባዶ ነው። አፀደ የዘወትር ቀሚሷን ለብሳ ወጥ ታቀርባለች፤ መሐሪ ቢራ ያድላል። ሐሜቱ ከወጡ በላይ ፈላ።

"ሙሽሪት ናት እንዴ ወጥ የምታወጣው?"

"አልተጋቡም አሉ።"

"ታዲያ እኛ ምን እየበላን ነው?"

"ጥብስ!"

አንዷ ሙሽራው ሸሽቷል አለች፣ ሌላዋ ሙሽሪት ታማለች አለች፣ አንድ ሽማግሌ በአፍንጫ ሠርግ ሲቀር አላየሁም እያሉ ዳግመኛ ሥጋ አስጨመሩ። አፀደ ሁሉንም ትሰማለች። ጆሮዋ ይግላል፤ ወጡን ማቅረቧን ግን አታቆምም። ማታ መሐሪ ወደ ቤቱ፣ እሷ ከአክስቷ ጋር ወደ ቤቷ ገባች። ስመኝ ጫማዋን እያወለቀች ብዙ ልትናገር የፈለገች ትመስል ነበር፤ የተናገረችው ግን "ሻይ ላፍላ?" ብቻ ነው።

ሳምንቱን ሎቲውን ማንም አልነካውም፤ ካባ የሚለካም አልነበረም። ዳናይት ከካባው አንገት የወጣውን ክር በጥርሷ በጥሳ፣ ጫፉን አስገብታ ሰፋችው። በቀጣዩ እሑድ፣ ገና ሳይነጋ፣ አባ ዘርአጽዮን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በጧፍ ብርሃን ፊቷን አዩ።

"ደም?"

"የለም አባ።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉና ወዲያው ራሳቸውን ነቀነቁ። "አንቺን መጠየቁም አያስፈልግም። ግቢ።"

ሰው ጥቂት ነበር። ዲያቆናቱ፣ ስመኝ፣ ወይዘሮ ትርሓስ፣ ዳናይት፣ የመሐሪ ወንድም፣ እንደወትሮው ለቅዳሴ የመጡ የመንደሩ አሮጊቶች። አክሊሉ ሲደፋላቸው የመሐሪ ትንሽ ጠበበውና ዲያቆኑ ጫን አደረገው። በመጨረሻ ተራው ደረሰ። አፀደ አፏን ከፈተች፤ ፊቷ ላይ ያለውን ያየም፣ ያላየም ነበር፤ ቄሱ ግን እጃቸው አልዘገየም። ከቆረበች በኋላ እንደ ሥርዓቱ አፏን በነጠላ ሸፍና፣ ዐይኗን ዝቅ አድርጋ ከመሐሪ ጋር ጎን ለጎን ወጣች። እንባዋ ከሁለቱም ዐይኖቿ ይወርድ ነበር።

ደጅ ድንኳን የለም፤ በአበባ ያጌጠ መኪናም የለም። ቤቱ ቅርብ ነውና በእግራቸው ነበር የሚሄዱት። በግቢው በር ጧፍ የምትሸጥ ሴት ካባ የለበሱትን ሁለቱን አየችና ዐይኗን አሸች።

"እናንተ ልጆች ባለፈው እሑድ አልነበር እንዴ የተዳራችሁት? እኔ ራሴ በልቻለሁ እኮ!"

ሙሽሮቹ ቆርበዋል፤ አይናገሩም። ስመኝ ናት የመለሰችው፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀና ብላ።

"የበላነው ባለፈው ነው፤ የተጋቡት ዛሬ ነው።"